የእናቴ ጀርባ የቀናበት ግንቦት

ይህ ነገር የደረሰብን በሰባዎቹ መጨረሻ፣ ደርግ ወጣቱን በየዙሩ ለውትድርና በሚሰበስብበት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ እናቴ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። የብዙ ሰው ስምና መልክ ረስቻለሁ፤ ይሄን ግን መርሳት አልቻልኩም። አሁን የምጽፈውም የሠራሁት ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ እስከ ዛሬ ስላልለየልኝ ነው።

ቤታችን ልደታ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ሦስት ነበርን፤ እናቴ ወይዘሮ አስካለ፣ ታላቅ ወንድሜ ግርማና እኔ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩ ተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሠራ ጀርባዋ ጎብጦ ቀረ። ስትሄድ የምታየው መሬት መሬቱን ነው። መንገድ ላይ ሰላም የሚላትን ሰው በጫማው ነበር የምትለየው። በዚህ እኔና ግርማ እንስቅባታለን፣ እሷም አብራን ትስቃለች።

ግርማ የተወሰደ ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ልጆቹን የሚወስደው ካሚዮን ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ነበር። ግርማ ረጅም ነው፤ ካሚዮኑ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ከፍ አለ። እናቴ ከሥር ቆማ አንገቷን ለማንሳት ታገለች፤ አልቻለችም። ያየችው የሸራ ጫማውን፣ ከዚያም የካሚዮኑን ጎማ ነው። እሱ ከላይ ሆኖ «እማዬ፣ ቀና በይ እንጂ፤ ፊትሽን ልየው» ይላታል። አገጯን ይዤ ላግዛት ሞከርኩ፤ አንገቷ እንቢ አለ። እንደዚያ እየታገልን ካሚዮኑ ተነሳ።

ግርማ በሄደ በሁለተኛው ወር እናቴ ራሷን ስታ ወደቀች። ከጎረቤት ጋር ሆነን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ልቧ ደካማ ነው፣ የደም ግፊትም አለባት፣ ክፉ ወሬ በድንገት እንዳትሰማ ተጠንቀቁ አለን። እሷ ግን ከወደቀችም በኋላ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ፊቱን ሳላየው ሄደ። ሲመጣ ጎብጬ አልቀበለውም» ትላለች። እንዴት እንደምትቃና ግን እሷም እኛም አናውቅም።

ዘዴውን ያመጣችው የሂሳብ አስተማሪዬ ናት። ሚስ ላታ እንላታለን። ህንዳዊት ናት፤ ከእኛ ግቢ ሦስት ቤት አልፎ ተከራይታ ትኖር ነበር። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ህንድ አስተማሪ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሳሪዋን ለብሳ ስታልፍ ማየት ለምዶታል። አንድ ቀን በኅዳር ከሳሪው ሥር የሚለበሰውን አጭር ሸሚዝ ልታሰፋ መጣች። እናቴ ሜትሯን ይዛ ትከሻዋን ልትለካ ብትሞክር እጇ አልደርስ አለ። ቁጥሩን ቀና ብላ ማንበብም ስላቃታት እኔን ጠራችኝ። ሚስ ላታ የመጣችበትን ሸሚዝ ረሳችው። በእንግሊዝኛ «እንዲህ ከሆነች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ የእናቴን ጀርባ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ጀርባዋ ወደ ፊት ብቻ ሲታጠፍ ኖሯል» አለችኝ። «ወደ ኋላ መታጠፍ እንደሚችል ረስቶታል። እናስታውሰዋለን።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ሰው ሲሠራም፣ ሲፈራም፣ ሲያዝንም ወደ ፊት ይጠቀለላል አለች። ያኔ ደረቱ ይዘጋል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ እንቅልፍ ይሸሸዋል፣ ሆድ ይብሰዋል። ጀርባን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ማጠፍ ሲለመድ ግን ደረት ይከፈታል፣ ሳንባ ቦታ ያገኛል፣ የጀርባ ሥጋ ይጠነክራል፣ ልብም ይቀልላል። ዮጋ እንደሚባልም ነገረችን። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም።

እናቴ «ጸሎት ካለበት አልሠራም በያት» አለችኝ።

«ጸሎት የለበትም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው» አለች ሚስ ላታ።

እናቴ ትንሽ አሰበችበትና «ትንፋሽስ የሁሉም ነው» ብላ ተስማማች።

ሚስ ላታ የልቧን ነገር ስለነገርኳት በጣም በቀላሉ ነው የጀመረችው። የመጀመሪያው ልምምድ ሰሌን ላይ በሆድ ተኝቶ፣ መዳፍን ከትከሻ ሥር አድርጎ ደረትን ከመሬት ማንሳት ነበር። በአገሯ የእባብ ስም እንዳለው ስትናገር እናቴ ከሰሌኑ ብድግ አለች። «የልደታ ማርያም ጎረቤት ሆኜ በእባብ ስም አልተኛም» አለች። ሚስ ላታ ምን እንዳጠፋች ስላልገባት ደንግጣ ታየኛለች።

እናቴ ግን ሰሌኑን እያየች ቆየችና ፈገግ አለች። «ግርማ በአራት ወሩ ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለች። «በሆዱ ሳስተኛው ደረቱን ያነሳና በር በሩን ያያል። ከገበያ ስመለስ የሚቀበለኝ እንደዚያ ሆኖ ነበር።» ተመልሳ ተኛች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልምምዱ ስም ግርማ ሆነ። በየማለዳው «ተነሽ እስቲ፣ ግርማን እንሥራ» ብላ ትቀሰቅሰኛለች።

ሌላው በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ወገብን ማንሳት ነው። ለዚህኛው በሩን ታስዘጋኛለች፣ ቀሚሷንም በነጠላ ትጠፍራለች። ሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ እጅን ወደ ላይ እየሰደዱ ኮርኒሱን ማየት ነበር። ከወራት በኋላ ኮርኒሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ቀን ተቆጣች። «ይሄ ቤት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈሰው? ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችኝ። ዝናብ ያበላሸው ከመወለዴ በፊት ነው መሰለኝ።

ሚስ ላታ በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ትመጣለች። አማርኛዋ «ቀስ»፣ «ተንፍስ»፣ «ደረት ክፈት» ብቻ ነው። እናቴ «ወንድ አደረገችኝ እኮ» እያለች ትስቃለች። ጥር ሲገባ ለውጡ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሆነ። ሌሊቱን ሳትነቃ መተኛት ጀመረች። ዳገት ስትወጣ ማለክለኳ ቀነሰ። የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ታንጎራጉራለች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንገቷም ጥቂት ጥቂት ይነሳ ነበር፤ በመጀመሪያ የሰው ጉልበት፣ ከዚያ የሰው ደረት ማየት ጀመረች።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጋሼ ተካ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። እዚያ መጥቶ አያውቅም።

ከግርማ ጋር በአንድ ካሚዮን የሄደ ሽመልስ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነበር። እግሩን አጥቶ ተመልሷል። ጋሼ ተካን አስጠርቶ የነገረው እሱ ነው። ግርማ ሰሜን ግንባር ላይ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል፤ እዚያው ተቀብሯል፤ ቦታውን ሽመልስም አያውቀውም። እኔ እያለቀስኩ ወሮቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እናቴ ልምምዱን በስሙ ስትጠራ ወንድሜ በሕይወት አልነበረም።

ጋሼ ተካ ፊቴን በመሀረቡ ጠረገልኝና «ቤት ስትገቢ እንዳታለቅሺ» አለኝ። ከእናቴ ነፍስ አባትና ከእድሩ ዳኛ ጋር ተማክረው ጨርሰዋል። ሐኪሙ ያለውን ሁሉም ያውቃል። በዚህ አቅሟ መርዶ ብንነግራት ሁለት ሬሳ ነው የሚሆንብን አለ። «ትጠንክር፣ ከዚያ ይነገራታል። ከእሷ ጋር የምታድሪው አንቺ ነሽ። ቀጥ ብላ መቆም ስትችል ንገሪኝ» አለኝ። የእናቴን መርዶ ቀን እንድወስን የተሰጠኝ እንደዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ግቢው በሙሉ ያውቅ ጀመር፣ ከእናቴ በቀር። አክስቶቼ ከል ለብሰው ይመጡና ጎረቤታችን እትዬ ጌጤነሽ ቤት ገብተው ያወልቁታል። ባለ ቀለም ነጠላ ተውሰው ለብሰው ወደ እኛ ይገባሉ። ሲወጡ መልሰው ይለውጣሉ። አንድ ቀን አንዷ አክስቴ እንደወጣች እናቴ «ብርቄ የጌጤነሽን ነጠላ ለብሳ መጣች፤ የራሷ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝናብ አርሶት ነው አልኳት። ጥር ነበር፤ አንድ ጠብታ አልጣለም። እናቴ ግን የምሰጣትን መልስ ሁሉ ታምናለች።

ማለዳ ማለዳ «ተነሽ፣ ግርማን እንሥራ» ትለኛለች። እነሳለሁ። አጠገቧ ተንበርክኬ ትከሻዋን እይዛለሁ። በየቀኑ ትንሽ ከፍ ትላለች። «አየሽ? ዛሬ የበሩን እጀታ አየሁት» ትለኛለች። ደስ ይላታል። እኔ ግን የምታየው ከፍ ባለ ቁጥር የመርዶው ቀን ወደ እኛ እየቀረበ እንደሆነ ነው የማስበው።

ጋሼ ተካ እሑድ እሑድ ይመጣና ሲወጣ በሩ ላይ ድምፁን ቀንሶ «እንዴት ናት?» ይለኛል። «ገና ናት» እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እውነቴን ነበር። በመጋቢት ግን ውሸት ሆነ። በመጋቢት እናቴ የሰው ፊት ታይ ነበር። እሱ ሲመጣ «ጀርባሽ እረፍት ያስፈልገዋል» ብዬ አስተኛታለሁ። አንዳንድ ማለዳ ደግሞ ፈተና አለብኝ እያልኩ ልምምዱን አስቀር ነበር። ሚስ ላታንም «ወገቧን አሟታል፣ ቀስ በይ» አልኳት። እናቴ እንዳትድን የምሠራ ልጅ ሆንኩ።

ሚስ ላታ ሂሳብ አስተማሪ ናት፤ የማይገጥም ነገር አያልፋትም። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቤቷ ጠራችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ «ዛሬ አንቺ ሥሪ» አለችኝ። ምንጣፉ ላይ ጠንካራ ትራስ አድርጋ ጀርባዬን በላዩ አስተኛችኝ። ራሴ ወደ ኋላ ወደቀ፣ እጆቼ ወደ ጎን ተዘረጉ፣ ደረቴ ወደ ላይ ተከፈተ። «ተንፍሺ» አለች፣ በእንግሊዝኛ።

አራት ጊዜ ያህል ተነፈስኩ። ከዚያ ለሁለት ወር የያዝኩት ለቅሶ ወጣ። ማቆም አልቻልኩም። ሚስ ላታ አልነካችኝም፣ ዝም በይም አላለችኝም። ደረት ሲከፈት እንዲህ እንደሚያጋጥም በኋላ ነገረችኝ። ስጨርስ ሁሉንም አወራኋት።

«በእኛ አገር በዚያው ቀን ይነገራል» አለች።

«በእኛ አገር አቅም እስኪኖራት ይጠበቃል» አልኳት።

«እኔ የምሰጣት አቅም ለዚህ ነው ማለት ነው?»

«አዎ ሚስ።»

ተነስታ ትራሱንና ምንጣፉን አነሳች። በማግስቱ የምትቀር መስሎኝ ነበር፤ በሰዓቷ መጣች። እናቴ ደረቷን ስታነሳ መዳፏን እንደ ሁልጊዜው ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። በየመሃሉ አፍንጫዋን ትስባለች። እናቴ «በርዷታል መሰለኝ፣ ጋቢዬን ስጫት» አለችኝ።

የግንቦት ልደታ ደረሰ። በሰፈራችን የግቢዎቹ ሴቶች በዚያን ቀን ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ጋግረው ደጅ ላይ አብረው ያከብራሉ። እናቴ ከጎበጠች ወዲህ ድርሻዋን በእኔ ትልክ ነበር እንጂ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀንም «አትውጪ፣ ብርድ ይመታሻል» ብያት ቦኖ ውኃ ለመቅዳት ወጣሁ። ባልዲውን ይዤ ስመለስ ሴቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያያሉ።

እናቴ ከቤት ወጥታለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ራሷ የጠለፈችው ቀይ ጥለት ያለውን ነጠላ ጣል አድርጋ መሃላቸው ቀጥ ብላ ቆማለች። እኔ እንኳ እንዲህ ቁመት እንዳላት አላውቅም ነበር። እትዬ ጌጤነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም አለቀሱ።

እናቴ ግራ ገባትና ወዲያው ሳቀች። «ምነው? የኔ መዳን ያስለቅሳል እንዴ?» አለች። በደስታ ያለቀሱላት መስሏታል። እየዞረች አቀፈቻቸው። የእትዬ ጌጤነሽን እንባ በራሷ ነጠላ ጫፍ ጠረገችላት። «እስቲ እዩኝማ» ብላ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ደረቷን አንስታ፣ ወደ ኋላ ታጥፋ ሰማዩን አየች። «ግርማ ሲመጣ ካሚዮን ላይ ቢቆምም አየዋለሁ» አለች።

ከሴቶቹ አንዷ ነገሩን ለመሸፈን እልል ለማለት ሞከረች፤ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረባት። እናቴ ንፍሮውን በእጇ እየዘገነች ለሁሉም አደለች። ንፍሮ የለቅሶም ምግብ ነው። ሴቶቹ በመዳፋቸው ይዘውት ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ተካ መጣ። እሷው ራሷ ናት በሩን የከፈተችለት። ንፍሮውን ቀመሰና ሲወጣ በዓይኑ ጠራኝ።

«ገና ናት የምትይኝ ይቺን ነው?»

«ጋሼ፣ አንድ ወር ብቻ ጨምርልኝ» አልኩት።

«ለማን? ለእሷ ነው ወይስ ለአንቺ?»

ልገባ ፊቴን አዞርኩ። «ከዚህ በላይ ማቆየት ኃጢአት ነው» ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እንደሚመጡ ላከብኝ። ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላስታውስም። እናቴ የምትወደውን ሽሮ እንደሠራሁላት ብቻ ትዝ ይለኛል።

የዚያን ቀን ማለዳ እንደ ልማዷ ቀድማኝ ተነሳች። «ተነሽ፣ ግርማን እንሥራ» አለችኝ። ሰሌኑን አነጠፍኩላት። በሆዷ ተኛች፣ መዳፏን ከትከሻዋ ሥር አደረገች። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ከፈትኩ።

ጋሼ ተካ፣ ነፍስ አባቷና የእድሩ ዳኛ ገቡ። ከኋላቸው የግቢው ሴቶች ቆመዋል፤ ያን ቀን ከላቸውን አላወለቁትም። እናቴ ሰሌኑ ላይ ደረቷን አንስታ፣ ልጇ በአራት ወሩ እንደሚያደርገው በሩን እያየች ነበር።

ድሮ ቢሆን የምታየው ጫማቸውን ብቻ ነው። ከጫማ ደግሞ መርዶ አይነበብም፤ እስኪነግሯት ድረስ ትንሽ ጊዜ ይኖራት ነበር። አሁን ግን ፊታቸውን አየች። ዓይኗ ከወንድሟ ፊት ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ ሴቶቹ ሄደ። በመጨረሻ የእኔን ፊት አየች፤ እኔም ፊቴን መደበቅ አልቻልኩም።

«ለዚህ ነው ያቀናችሁኝ?» አለች።

ግንባሯን ወደ ሰሌኑ ቀስ አድርጋ መለሰች፣ ሚስ ላታ እንዳስተማረቻት። ከዚያ ጮኸች። ያ ጩኸት ሰንጋ ተራ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። ከስድስት ወር በፊት እንዲያ የምትጮህበት ትንፋሽ አልነበራትም።

ልቧ እንደተፈራው አልቆመም። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቷን መታች፤ ያን በስንት ማለዳ የከፈትነውን ደረት። ሚስ ላታ ነጭ ሳሪ ለብሳ መጣች። አንዳንዶቹ ለቅሶ ቤት እንዲህ ደምቆ ይመጣል ወይ ብለው ሲያንሾካሹኩ በአገሯ ነጭ የኀዘን ልብስ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከእናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አኖረች። እስኪመሽ አላነሳችውም፤ እናቴም አልከለከለቻትም።

እኔን ግን እናቴ እስከ አርባው ድረስ አላናገረችኝም። ያበላሁትን ትበላለች፣ ያጠብኩትን ትለብሳለች፣ ዓይኗን ግን አትሰጠኝም። ከአርባው ማግስት እኔና እሷ ብቻችንን ስንቀር «አራት ወር ሙሉ በሞተ ልጄ ስም አሳቅሽኝ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ወይም ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ ስትስቂ ማየት ናፍቆኝ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩትም። ሄጄ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

የሚስ ላታ ውል በዚያ ክረምት አለቀና ወደ አገሯ ተመለሰች። እናቴ በኅዳር ሳይሰፋ የቀረውን ሸሚዟን ሰፍታ ሰጠቻት፤ ከለቅሶው በኋላ መጀመሪያ የሰፋችው እሱን ነው። ሰሌኑ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ገባ። በቃ ተመልሳ ትጎብጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ የእናቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ገና ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። ሰሌኑን ራሷ አንጥፋ በሆዷ ተኝታ፣ ደረቷን አንስታ በሩን ታያለች። እንባዋ በአገጯ አልፎ ወደ አንገቷ ይወርዳል።

«ይኸው ቀና ብያለሁ ልጄ» ትላለች። «ይኸው ቀና ብያለሁ።»

እንደተኛ ሰው ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። መቃብሩ የት እንደሆነ አናውቅም፤ ሄዳ የምታለቅስበት ቦታ አልነበራትም። ሰሌኑ ሆነላት። እስክትሞት ድረስ፣ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ማለዳ ማለዳ እንደዚያ ታደርግ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ነይ ብላ ቀስቅሳኝ አታውቅም። ስትሞት የገነዟት ሴቶች የዚህ ዕድሜ ሰው ጀርባ እንዲህ ቀጥ ሲል አይተው እንደማያውቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። እኔ የምኖረው እዚያው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕድሜዬን በቢሮ ወንበር ስላሳለፍኩ የእኔም ጀርባ መጉበጥ ጀምሮ ነበር። አሁን ማለዳ እየተነሳሁ እናቴ የሠራችውን እሠራለሁ። ይረዳኛል፤ እንቅልፌ ተስተካክሏል፣ ትከሻዬ ተፈታ፣ ትንፋሼ ሞላ። ሰው ሲጠይቀኝም ሥሩት እላለሁ። ልምምዱን በምን ስም እንደምጠራው ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጋሼ ተካ በሩ ላይ የጠየቀኝን ጥያቄ ዛሬ እመልሰዋለሁ። ያ የለመንኩት አንድ ወር ለእኔ ነበር። ወንድሜን አጥቼ ስለነበር ደስ ያላት እናት ትንሽ እንድትቆይልኝ ፈልጌ ነው። ይህን ለእሷ ሳልነግራት ሞተች። ሰሌኑ ላይ ሆኜ ደረቴን ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላዘው በሩን ያያል፣ ትንሽም ይጠብቃል።